ስም ሳይጠሩ ያለፉት ሲስተር ኢየሩስ ዘመንፈስቅዱስ (1990–2018 ዓ.ም.)

ሲስተር ኢየሩስ ዘመንፈስቅዱስ ከአባታቸው ከአቶ ዘመንፈስቅዱስ ገብረ መድኅን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈትለወርቅ ንጋቱ፣ በባሌ ጎባ ከተማ፣ ግንቦት 12 ቀን 1990 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት በረዶ ጥሎ ቆርቆሮው ሲንጫጫ አዋላጇ "ይቺ ልጅ ጩኸት የማትወድ ትሆናለች" ብለው ነበር። እውነትም ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሆኖ አደጉ።

ዕድሜያቸው ሃያ ሰባት ነው። ለሃያ ሰባት ዓመት ልጅ አንቱታ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ፣ ሽማግሌው ጭምር፣ "ሲስተር" እያለ ልብሱን ገልጦ ሕመሙን ያሳያቸው ሰው ናቸውና ይገባቸዋል። ይህን የጻፈችው አሳዳጊ አያታቸው ወለተኢየሱስ ናት፤ ለራሷ አንቱ አትልም። የጻፈችውም ለወጉ ብቻ አይደለም። የምትፈልገው አንድ ሰው አለ። ስሙን አታውቅም፤ ሲስተር ኢየሩስ ግን ያውቁት ነበር። ያ ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን ነገር ሳያውቅ ምናልባት አሁን እዚሁ መካከላችሁ ቆሞ ይሆናል። ጽሑፉ ቢረዝምባችሁም፣ እባካችሁ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡ።

አራት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በዲንሾ መንገድ፣ በጉም ውስጥ በደረሰ የመኪና አደጋ ዐረፉ። እናታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ትዳር ይዘው ወደ ሻሸመኔ ሲሄዱ እሳቸው ከአያታቸው ዘንድ ቀሩ። አንድ ልጇን መንገድ የበላባት አያት ሁለተኛ ሰው ለመንገድ አልሰጥም ብላ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ እጃቸውን ይዛ ትምህርት ቤት አድርሳ መልሳለች። ጉም ሲወርድ አትውጪ፣ የቶጎና ወንዝ ሲሞላ አትሻገሪ፣ ውሻ ሲጮህ በሌላ በኩል ዙሪ። "እማማ፣ እንደ አንቺማ ቢሆን ቆጥ ላይ ሰቅለሽ ባሳደግሽኝ ነበር" እያሉ ይስቁባት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገብተው በ2006 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወሰዱ። ውጤቱ ለመሰናዶ አላበቃቸውም። አያታቸው ልታጽናና ስትቀርብ እሳቸው ፊታቸውን ታጥበው ጨርሰዋል፤ "ሮቤ አንድ ክሊኒክ ለካርድ ክፍል ሰው ይፈልጋል አሉ፣ ነገ እሄዳለሁ" ብለው አስደነገጧት። ከጎባ ሮቤ ያለችው መንገድ ለሌላው ሰው መንገድም አትባል፤ ለአያታቸው ግን ከዲንሾው አልተለየችባትም። ማታ ማታ ሚኒባሱ እስኪመጣ አስፋልቱ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ረዳቶቹ ለምደዋት፣ ገና በሩ ሳይከፈት "አለችልዎት እማማ፣ አለችልዎት!" እያሉ ይጮኹላት ነበር።

በካርድ ክፍሉ ከጥቅምት 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሠሩ። ካርድ ያወጣሉ፣ ክብደት ይመዝናሉ፣ ሙቀት ይለካሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ተራ ይጠራሉ፣ መንገድ የጠፋባቸውን አረጋውያን ይዘው ላቦራቶሪ ያደርሳሉ። ያን ጊዜ የሚጠሩበት የሙያ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ "አንቺ የካርዷ" ነበር የሚባሉት። አያታቸው ደግሞ እራት ላይ ወሬ አማራት፤ ከጎባ ማን ታሞ እንደመጣ፣ የእገሌ ሚስት ለምን እንደተመላለሰች ትጠይቃለች። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "እኔ ካርድ ነው የማየው እማማ፣ ሰው አላየሁም።" አያታቸው ታኮርፋለች። እሳቸው ሽሮውን ያወጡና "ይልቅ ጨው በዝቶበታል" ይላሉ።

ሐኪሞቹ እጃቸውን አይተው ተማሪ ስላሏቸው፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ከሥራቸው ጋር ቅዳሜና እሑድ በሮቤ በሚገኝ የጤና ኮሌጅ ነርስነት ተምረው በደረጃ አራት ተመረቁ። በምረቃው ዕለት ሻማ አብርተው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የታማሚን ምስጢር እስከ መቃብር እጠብቃለሁ የሚል ቃል ነበረበት። አያታቸው ከወንበሮቹ መካከል እልል ስትል ቃሉን አልሰማችውም፤ ብትሰማውም ለወጉ የሚባል ነው ብላ ባለፈችው ነበር።

መመረቅ ግን ነርስ አያደርግም። የብቃት ምዘና፣ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለው ፈተና አለ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሲፈተኑ የተግባሩን ወደቁ። የወደቁበትን ምክንያት አብራቸው የተማረችው ጓደኛቸው ሲስተር ሳቢሪን ከሊል ስታወራው እስከ ዛሬ ሰው ያስቃል፤ መርፌ እንዲወጉ የተሰጣቸውን አሻንጉሊት "አይዞህ፣ ትንሽ ነው የሚያምህ፣ ወደዚያ ዙር" እያሉ ሲያባብሉ ሰዓት አለቀባቸው። "አሻንጉሊቱ አመስግኗት ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር" ትላለች ሳቢሪን። በኮሮናው ምክንያት ምዘናው ተቋርጦ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በሁለተኛው አለፉ።

በ2014 ዓ.ም. በቆላው ወረዳ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ለሁለት ነርሶች ቋሚ ቦታ ወጣና ሲስተር ኢየሩስና ሲስተር ሳቢሪን ሁለቱም አለፉ። ሻንጣ ተገዛ። አያታቸው ግን ቆላ ወባ ነው፣ መንገዱ ገደል ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው ብላ ደጃፉ ላይ ተኛች። "ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ" አለች። ሲስተር ኢየሩስ ሻንጣውን መልሰው አልጋ ሥር ከተቱት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አንስተው አልወቀሷትም። ሳቢሪን ሄደች። ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ከባልደረቦቿ ጋር የጉበት ክትባቷን ሦስቱንም ዙር ተወግታ፣ በዝውውር በደህና ተመለሰች። ይህንን አያታቸው የጻፈችው ማንም ሳያስገድዳት ነው።

ሲስተር ኢየሩስ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአጋርፋ በወሊድ ፈቃድ የወጡ ነርስ ቦታ ላይ በኮንትራት ሠሩ። ኮንትራቱ በዓመቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ማስረጃቸውን በፕላስቲክ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ለሦስት ቦታ የሚመዘገበው ሰው የገበያ ቀን ይመስል ነበር። የጠየቃቸውም ሰው ስለነበር፣ ቋሚ ሥራ ሳይዙ ትዳር አልይዝም ብለው አቆዩት። ልጅ አልወለዱም።

ሥራ ፈትተው ግን አልተቀመጡም። አገራችን የምታውቀው ነው፤ ታማሚ መርፌ ሲታዘዝለት ከመድኃኒት ቤት ይገዛና ለየቀኑ ሆስፒታል ከመመላለስ ጤና የተማረ ጎረቤት ፈልጎ ይወጋል። ሲስተር ኢየሩስ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ቤት የክሊኒክ ዕቃ የለውም አሉ። በእድሩ ላይ ተነሥታ "የእኔ ልጅ እያለች ለመርፌ ምን ያንከራትታችኋል?" ያለችው አያታቸው ናት። ኮርታ ነው። በዚያ ላይ ከቤት ሳይወጡላት ነርስ ስለሆኑላት ነው። ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም። ባለጋሪው ባዳሳ ለወገቡ አሥር ቀን ተወግቷል፤ ያ ሁሉ ቁመት ይዞ መርፌ ሲያይ "ሲስተር፣ ፈረሱን ውጊውና እኔ ልዳን" እያለ ቤቱን በሳቅ ይሞላው ነበር። ወ/ሮ ሀዋኒ ለሳንባ ምቿ መጥታለች። ሌሎችም ብዙ ናቸው። ገንዘብ አይቀበሉም። ሰው ሲመጣ አያታቸውን "እማማ፣ እስቲ ከደጅ ቆዪ" ይሏታል፤ በገዛ ቤቷ ደጅ መቆሟ ቅር ይላት ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አያታቸው ከገበያ ስትመለስ ሲስተር ኢየሩስ ውሃ ከፍተው የግራ ጣታቸውን ሲያስደሙ አገኘቻቸው። የመጣው ሰው ሄዷል። በጤና ጣቢያ ያገለገለ መርፌ ሳይከደን በቀጥታ ወደ ካርቶን ሣጥኑ ይጣላል። በቤት ሣጥኑ ስለሌለና የሰፈር ልጆች ቆሻሻ ስለሚያገላብጡ፣ እሳቸው መርፌውን መልሰው ከድነው በጣሳ ያኖሩ ነበር። ሲከድኑ ያ ሰው ድንገት ተነሥቶ ክንዳቸውን ገፋቸው፤ መርፌው ጣታቸውን ወጋው።

"ማን ነው?" አለች አያታቸው።

"ሰው ነው እማማ።"

"ሰው መሆኑን መች አጣሁት! ማን?"

"እንዲመረመር ነግሬያለሁ፤ እሺ ብሎኛል። አንቺ አትጨነቂ።"

ያ ሰው ግን አልተመረመረም፤ ስልኩንም አላነሣም። ሲስተር ኢየሩስ ኤች.አይ.ቪ. እንዳይዛቸው በማግስቱ ሄደው የሃያ ስምንት ቀኑን መድኃኒት ጀመሩ። የጉበቱንም ክትባት ሻሸመኔ ድረስ አስፈልገው እንዳላገኙት ሳቢሪን ኋላ ነው ለአያታቸው የነገረቻት። አያታቸው መድኃኒቱን እያስመለሳቸው ሲውጡ እያየች ሃያ ስምንቱንም ቀን ስሙን ጠየቀች፤ በልምምጥም፣ በቁጣም። አንድ ቀን አቶ ሽቶ የሚባሉትን የእድር ዳኛ አምጥታ በሽማግሌ አስጠየቀች። ሲስተር ኢየሩስ ለዳኛው ወንበር አቅርበው፣ ደም ግፊታቸውን ለክተው፣ ጨው እንዲቀንሱ መክረው ሸኟቸው።

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የሦስት ወሩ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ነፃ ሆኖ ወጣ። አያታቸው የተሳለችውን ጃንጥላ ለቤተ ክርስቲያን አስገባች። ጎረቤት ጠርታ አበላች። መቼም የሰው ልጅ አንዱን ሞት ሲያመልጥ ሌላው በየት በኩል እንደቆመ አያይም።

በወሩ መጨረሻ ምግብ አስጠላቸው። ጥቅምት 28 ቀን ሳቢሪን ልትጠይቃቸው መጥታ መስኮቱን ከፍታ ዓይናቸውን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ሳቢሪን አያታቸውን በኦሮምኛ አያቴ ለማለት "አኮ" ነው የምትላት።

"አኮ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። ጉበቷ ነው።"

"የወፍ በሽታ ነው ልጄ፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፤ መርፌ ካገኘው ይገድላል።"

"ያ ረቢ! አኮ፣ እኛ ነርሶች ነን እኮ!"

"ነርስ ብትሆኚስ፣ እኔ በመርፌ የሞቱ ሁለት ሰው ቀብሬያለሁ።"

አያታቸው የሰማችው የአገሩ ሁሉ ሰው የሚያምነውን ነው። በጎሮ መንገድ የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ ጅሩ የሚባሉ ሰው ነበሩና የተፈጨ ቅጠል አመጣች። በወተት ለሰባት ቀን ይጠጣል፤ ቅባትና መርፌ ክልክል ነው። ሲስተር ኢየሩስ ሕመማቸውን ያውቁታል። ግን አያታቸው ዋንጫውን ይዛ ስትለማመጣቸው አይተው "እሺ እማማ፣ አንቺን ደስ ካለሽ" ብለው ተቀበሏት። ሳቢሪን በየቀኑ እየመጣች ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻም ተቆጣች። ኅዳር 7 ቀን ጠዋት ሲስተር ኢየሩስ ቀኑን ስተው፣ አያታቸውን "ካርድዎን ይዘዋል?" ብለው በጠየቋት ጊዜ ነው ልቧ የተሰበረው። ባዳሳ በጋሪው ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሐኪሙ ሄፓታይተስ ቢ ነው አለ፤ ከመርፌው የተላለፈ፣ ከብዙ ሰው በአንዱ ላይ ብቻ እንዲህ የሚከፋ። አያታቸው ስለ ቅጠሉ ጠየቀችው። ጉበት ሲታመም እንዲህ ያለው ነገር ሊጎዳው እንደሚችል፣ ባይጠጡትም ግን እዚሁ ሊደርስ ይችል እንደነበር ነገራት። ለእውነት ይሁን ለማጽናናት አልታወቀም፤ እሷም ደግማ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘችም።

በሁለተኛው ቀን ጥቂት ነቁ። አያታቸው በመስቀል ምላ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀች፤ አልጣላውም፣ ስሙን ብቻ አለች።

"ስሙን ከነገርኩሽ ለምን ሊወጋ እንደመጣም ታውቂያለሽ።"

"አልጠይቅም።"

"አንቺ ባትጠይቂም ታውቂዋለሽ። ቤቱ ይፈርሳል እማማ።"

"የእኔ ቤት ሲፈርስስ?"

ሲስተር ኢየሩስ "ያ ሰው መመርመር አለበት፤ ልጆችም አሉት። ሲሻለኝ ራሴ ሄጄ እነግራለሁ" አሉ። ለሳቢሪንም ያሉት ይህንኑ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ መሳይ ነገር ወሰዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ በሰባት ሰዓት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አሁን ለእናንተ የሚነገረው ይህ ነው። እሳቸው ተኝተው ሳለ ወሬው በሰፈሩ ወጣ። አያታቸውም አልሸሸገችም፤ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ታይ ነበር። ወ/ሮ ሀዋኒን ሰላም ነሣቻት። ያንን በጋሪው ያመላለሳትን ባዳሳን እንኳ ጠርጥራ ጀርባዋን ሰጠችው። ባዳሳ ሄዶ ተመረመረና ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ "ይኸው አኮ፣ ይመልከቱ፣ እኔ አይደለሁም" አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ ሀዋኒ የራሷን ወረቀት ይዛ መጣች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው፤ አሥራ አንድ ሰው ወረቀት አሳየ። አያታቸው በየወረቀቱ ደስ ይላት ነበር። የቀሩትን በልቧ ትይዛለች፤ ጥቂት ቀርተው ነበር።

ትናንት በድንኳኑ ውስጥ ሳቢሪን አጠገቧ ተቀምጣ "አኮ፣ ይሄ በሽታ በዓይን አይታይም፤ የያዘው ሰው ጤነኛ ይመስላል። ኢየሩስ ግን የሞተችው ስሙን ላለመጥራት አይደለም እንዴ? እርስዎ አሁን ወረቀት በወረቀት እየጠሩት ነው" አለቻት። አያታቸው ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። የልጅ ልጇን ስንት ዓመት ከመንገድ፣ ከጉም፣ ከወንዝ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ሌላ ሰው ሲጠብቁ ነበር።

ስለዚህ ወለተኢየሱስ በሁላችሁ ፊት ትለምናለች። ወረቀት ማሳየታችሁ ከእንግዲህ ይብቃ። ያሳያችሁኝን ረስቻለሁ፤ ሀዋኒ፣ ባዳሳ፣ ይቅር በሉኝ። በዚያ ቤት መርፌ የተወጋችሁ ሁሉ፣ ሴትም ሁኑ ወንድ፣ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ሕመሙ ቢገኝባችሁ ክትትልና መድኃኒት አለው፤ ላልያዛቸው ልጆቻችሁና ለትዳር ጓደኞቻችሁ ክትባት አለው። ውጤታችሁን ግን በኪሳችሁ ያዙት። ለእኔም፣ ለእድሩም፣ ለማንም አትንገሩ። መርፌም ወደ ሰው ቤት አትውሰዱ፤ የጎረቤት ልጅ እጇ ቢያምርም አትውሰዱ።

የእድሩ ጸሐፊ ይህን ወረቀት ሲያሳትም የሥራ ቦታ የሚለው ላይ ምን ይጻፍ ብሎ ጠይቆ ነበር። ቋሚ መሥሪያ ቤት አልነበራቸውም። አያታቸው "ነርስ በለውና ዝጋው" አለችው።

ሲስተር ኢየሩስ እናታቸውን ወ/ሮ ፈትለወርቅን፣ በእናት የሚገናኟቸውን ወንድማቸውን፣ አያታቸውን ወለተኢየሱስን፣ እንደ እህት የሆነቻቸውን ሲስተር ሳቢሪንን ትተው ሄደዋል። የቀብር ሥርዓታቸው ዛሬ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ይፈጸማል።

የድኩማን ማረፊያ የሆነ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ያንንም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከነልጆቹ ጤና ሰጥቶ ለእርጅና ያብቃልን። አሜን።